ጀልባ ልናይ የሄድን ዕለት

ስምንት ዓመቴ ነበር። እኔ እስከማውቀው ድረስ ወደ ሐይቁ የሄድነው ጀልባ ልንገዛ ነው። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ራሴው በር ሥር ቆሜ ለቅሜ፣ ራሴው ገጣጥሜ፣ ራሴው ያመንኩት ነገር ነው።

ከጉዞው በፊት በነበረው ሳምንት አንድ ቀን እናቴና አባቴ ማዕድ ቤት ገብተው፣ በሩን ገርበብ አድርገው ይንሾካሾካሉ። እኔ ደግሞ ሹክሹክታ ስሰማ ጆሮዬ እንደ ጥንቸል ይቆማል። ውሃ ሊጠማኝ ነው መሰል፣ ብርጭቆ ይዤ ተጠጋሁ።

«ዕድሜው ትንሽ ገፋ ብሏል እንጂ ጠንካራ ነው» አለች እናቴ።

«አንዴ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር አላልሽኝም?»

«ተጎድቶስ? ይኸው ጸንቶ ቆሞ የለ! እዚያው ሐይቁ ዳር ነው ያለው፤ ሄደን በዓይናችን እንየው። ሳይታይ እንዴት ይወሰናል?»

«አባባስ?» አለ አባቴ።

«አባባን በእንጨት ነው የምንገባባቸው። መጀመሪያ ጀልባውን ይዩ። እንጨት ሲያዩ ልባቸው ይራራል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እግዜር ያውቃል።»

ጀልባ! ሐይቅ ዳር ያለ፣ ዕድሜው የገፋ፣ ተጎድቶ የዳነ፣ ሳይታይ የማይወሰን ነገር ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ከዚያን ቀን ጀምሮ ለማንም ሳልተነፍስ፣ ጀልባው ውስጥ የምቀመጥበትን ቦታ ስመርጥ ሰነበትኩ።

ቤታችን ውስጥ አምስት ነበርን። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሳሎናችን ሳሎንም መስፊያ ቤትም ስለነበረ ባዶ እግሩን የሚረግጥ ሰው እስፒል ሳይወጋው አይወጣም። አባቴ መካኒክ ነበር። ጥፍሩ ሥር የገባው ግራሶ በሳሙናም በጋዝም አይለቅም። አባባ የእናቴ አባት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አናጢ። ሰው ቤት በእንግድነት ሲሄዱ ከባለቤቱ በፊት ሰላም የሚሉት በሩን ነበር። ሁለት ጊዜ ከፈት ዘጋ አድርገው፣ ማጠፊያውን ሰምተው፣ ከዚያ በኋላ «እንዴት ናችሁ?» ይላሉ።

አምስተኛዋ እታለም ናት፤ የእናቴ ታናሽ እህት። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፒስት ነበረች። የምተኛው ከሷ ጋር፣ ፀጉሬን የምሠራው በሷ እጅ፣ ጥርሴ ሲነቀል ያሳየሁት ለሷ ነው። ስታስብ ጣቶቿ ያገኙት ነገር ላይ ይጽፋሉ፤ ጠረጴዛ ላይ፣ ጉልበቷ ላይ፣ ስተኛ ደግሞ ጀርባዬ ላይ። ምን እየጻፈች እንደሆነ ለማወቅ ትንፋሼን ውጬ እቆጥር ነበር። አንድም ቀን አልገባኝም።

ያኔ የማላውቀው ብዙ ነገር ነበር። እታለም ሃያ አምስት ዓመቷ ላይ አባባ ራሳቸው መርጠው ካመጡላት አንድ ቀያሽ ጋር ታጭታ ነበር። ሰውዬው ሥራዬ ሲደላደል፣ ቤቴን ስጨርስ እያለ ስድስት ዓመት አስጠበቃትና በመጨረሻ ሌላ ማግባቱን በደብዳቤ አስታወቀ። አባባ ደብዳቤውን አንብበው ሲጨርሱ፣ «ሁለተኛ በዚህች ልጅ ጉዳይ ምላሴን አላነሳም፤ እሺም አልልም፣ እምቢም አልልም» ብለው ማሉ። እባብ ያየ በልጥ በረየ። እሷ ደግሞ ያለ አባቷ ቃል የትም የማትሄድ ሰው ነበረች። እንዲህ ሆነው ሦስት ዓመት በአንድ ቤት ኖሩ፤ በፍቅር፣ በመተሳሰብ፣ ስለዚያ ነገር ግን አንዲት ቃል ሳይነጋገሩ።

ከዚያ አንድ ሰው ማመልከቻ ሊያስጽፍ እሷ ቢሮ መጣ። ለዚያችው ለአንዷ ማመልከቻ አራት ጊዜ ተመላለሰ። እናቴ «የማመልከቻው ሰውዬ ዛሬስ አልመጣም?» ስትል እታለም በትራስ ትመታታለች። እኔ ሰውዬው ማመልከቻ በወጉ ማስጻፍ ያቃተው ሞኝ ይመስለኝና አዝንለት ነበር።

የሄድነው በቅዳሜ ጠዋት፣ አባቴ በጠገነው የአንድ ዳቦ ቤት መኪና ነው። ባለቤቱ «ውሰደው፣ መንገድ ላይ ሞክረው» ብሎት። ከኋላ መቀመጫ ስላልነበረው አባባ ሁለት አግዳሚ ወንበር መትተው አበጁለት። መኪናው ውስጡ ሁሉ ዳቦ ዳቦ ይሸታል። በሩ ከውስጥ በእርግጫ ካልተመታ አይዘጋም፤ የእርግጫው ሥራ ለኔ ተሰጠኝ፤ በሕይወቴ የተሰጠኝ የመጀመሪያው ሹመት እሱ ነው።

መንገዱ ሐይቁን እየታከከ ይሄዳል። በአንድ ወገን ውሃ፣ በሌላው የበቆሎ እርሻ። ነፋስ ሲመጣ ዳር ዳሩን ያለው ሸምበቆ አንድ ላይ ጎንበስ ይልና አንድ ላይ ቀና ይላል። ነጫጭ ወፎች ከውሃው ላይ ተነስተው ትንሽ ዞረው እዚያው ይመለሳሉ፤ የሚሄዱበት እንደሌላቸው ሁሉ። እናቴ መስኮቱን ከፍታ ፀጉሯን ለነፋስ ለቀቀችው። አባቴ ያፏጫል። ብቻ መኪናውን እየደጋገመ ያቆማል።

«ሞተሩ ግሏል፤ ትንሽ ይቀዝቅዝ።»

አራት ጊዜ አቆመ። ያባቴ ሙያ ላይ ጥርጣሬ የገባኝ ያን ቀን ነው። ዛሬ እንደማውቀው ሞተሩ አንዳች አልነበረበትም። እታለም የእናቴን ትከሻ ከኋላ ትነካለች፤ እናቴ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፤ አባቴ ያቆማል። የጋለው የእታለም ልብ ነበር። ወርዳ እስከ ውሃው ትሄድና፣ ቆም ብላ፣ ተመልሳ ትመጣለች።

ሁለተኛው ማረፊያ ላይ እኔና አባባ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ቀረን። ምስጢሩ ሆዴን ነፍቶት ነበር።

«አባባ፣ ምስጢር ልንገርዎት?»

«ምስጢር ከሆነ ለምን ትነግሪኛለሽ?»

«ከበደኛ።»

ሳቁና ጆሯቸውን አዘነበሉልኝ።

«ጀልባ ልንገዛ ነው» አልኳቸው። «እማዬና አባዬ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ዕድሜው ገፋ ብሏል፤ ግን ጠንካራ ነው። አንዴ ተጎድቶ ነበር፤ አሁን ድኗል። ለእርስዎ ያልነገሩዎት መጀመሪያ እንጨቱን አይተው ልብዎ እንዲራራ ነው።»

እታለም ውሃው ዳር ጫማዋን በአንድ እጇ አንጠልጥላ ቆማለች፤ የሌላው እጇ ጣቶች ቀሚሷ ላይ ይጽፋሉ። አባባ ረዥም ጊዜ እሷን አዩ። እኔ ጀልባው የት እንደሚቀመጥ እያሰቡ መሰለኝ፤ ግቢያችን ጠባብ ነበርና።

«እንግዲያው» አሉ በመጨረሻ፣ «በደንብ ነዋ የምናየው። አንቺም ለኔ መንገርሽን ለማንም እንዳትናገሪ።»

«እንኳን ልናገር!» አልኩ፤ ልክ ለማንም ተናግሬ እንደማላውቅ ሰው።

ምሳችንን ዛፍ ሥር በላን፤ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ድንች፣ ከፔርሙስ የተቀዳ ሻይ። እታለም ሁለት እንቁላል ላጠችና ሁለቱንም ለኔ ሰጠችኝ።

«አንቺስ?»

«ጠዋት በልቻለሁ።»

አልበላችም፤ አብሬያት ነበርኩ። ውሃ ፈርታ ነው ብዬ አንጀቴን በላችኝ። ተጠግቼ በጆሮዋ፣ «አይዞሽ፣ እዚያ ስንደርስ አጠገብሽ ነው የምሆነው» አልኳት። ትክ ብላ አየችኝ። «እውነትሽን ነው?» አለችና እንቁላሉ ከእጄ እስኪወድቅ ድረስ ጨምቃ አቀፈችኝ።

ከሰዓት በኋላ ደረስን። ቦታው ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ሰፊ መጠለያ ነው፤ በሐይቁ በኩል ግድግዳ የለውም። መሬቱ በሰጋቱራ ተሸፍኖ ሲረገጥ ይለሰልሳል፤ ቅጥራኑ አፍንጫ ይቆነጥጣል። ግድግዳው ላይ መጋዙ፣ መሮው፣ መላጊያው በቁመታቸው ልክ ተሰልፈው ተሰቅለዋል። አባባ በሩን ስላጡ ሰልፉን ሰላም አሉት።

አንድ ሰው ከጥላው ወጥቶ መጣ። ጠጉሩ በጆሮው በኩል ሸብቷል፤ እጆቹ ትልልቅ ናቸው፤ የት እንደሚያደርጋቸው የጠፋው ይመስላል። ሸሚዙ ገና ከእሽግ የወጣ ስለነበረ የታጠፈበት መስመር ደረቱ ላይ እንደ መስኮት ተሰምሯል። የሰፊ ልጅ ነኝና ዓይኔ ወዲያው አንገትጌው ላይ አረፈ።

«አንገትዎ ላይ እስፒል አለ» አልኩት።

ቀላ፤ ፈለገ፤ አጣ። እናቴ ሳቋን እየዋጠች ጠጋ ብላ መዘዘችለት። «ሰውን እንዲህ ወግቶ የሚያለብስ ደግሞ ምን ዓይነት ሱቅ ነው!» አለች። ከዚያ በኋላ ሁሉም ትንሽ ቀለል አላቸው።

ጀልባው መሐል ላይ፣ ጠርብ ላይ ተቀምጦ ነበር። እኔ አሮጌ ነገር ነበር የጠበቅሁት፤ ይሄ ግን አዲስ ነው። አታለሉን እንዴ ብዬ ደነገጥኩ፤ ግን ከአሮጌ አዲስ ይሻላል ብዬ ዝም አልኩ። አባባ መነጽራቸውን አደረጉ። በአውራ ጣታቸው ሳንቃውን ተከትለው ሄዱ፤ በጣታቸው መገጣጠሚያ ኳ ኳ እያደረጉ አዳመጡ። ሰውዬው እንደ ተማሪ እጁን ወደኋላ አድርጎ ይከተላቸዋል። ከጀልባው ሆድ ሥር ጎንበስ ካሉበት ድምፃቸው መጣ።

«ይሄ መጋጠሚያ ምንድን ነው?»

«እሱን ተቻኩዬ ነው አባቴ። ፈትቼ ልሠራው አስቤያለሁ።»

«ማን ፍታ አለህ? ውሃ አያስገባ፤ ሰው አያየው።»

«አያስገባም። ግን አውቀዋለሁ።»

አባባ ቀና አሉ። ሰውዬውን ፊቱን ያዩት ያኔ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የሚያዩት እጁን ነበር።

ሰውዬው እታለምን «እርስዎ» ነው የሚላት። «ይቀመጡ»፣ «ፀሐይ እንዳይነካዎት»፣ «ሻይ ላምጣልዎት?» ጨዋ ነው ብዬ ወደድኩት። ቀጥሎ ውሃው ላይ የታሰረውን ሌላ፣ ያገለገለ ጀልባ ሊያሳየን በአንዲት ጠባብ ሳንቃ ስንሻገር እታለም እርጥቡን ረገጠች።

«ያዳልጥሻል! ቀስ በይ እንጂ፣ ስንቴ ልንገርሽ!»

ሁሉም ቀጥ አለ። አባቴ ቀዳዳ እንደሚፈልግ ሰው ጣሪያውን ማየት ጀመረ። እናቴ የፔርሙሱን ክዳን በቀሚሷ ጫፍ ትወለውላለች። ሰውዬው ራሱ ምላሱን የዋጠ መሰለ። እኔ በእታለም ፈንታ ተቀየምኩ፤ እንዴት ትልቅ ሰው ባንዴ ከእርስዎ ወደ አንቺ ይወርዳል? ደግሞ «ስንቴ» ይላል፤ ገና ዛሬ አይደል የተዋወቁት?

አባባ አንዴ ሳል አሉ።

«ያዳልጣል እንዴ?»

«አዎ… ያዳልጣል አባቴ።»

«እንግዲያው እኔንም ደግፈኝ። ልሳፈር ነው።»

አባባ በሕይወታቸው ውሃ ላይ ወጥተው አያውቁም። እናቴ «ኧረ አባባ!» አለች፤ እሳቸው ግን የሰውዬውን ክንድ ጨብጠው ገቡ። እታለምም ገባች። እኔ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ሳልጠየቅ ገባሁና ቃሌን ጠብቄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ወላጆቼ ዳር ላይ ቀርተው እያነሱ፣ እያነሱ ሄዱ።

ውሃው እንደ ዘይት ጸጥ ብሎ ነበር። መቅዘፊያው ሲወጣ የሚንጠባጠበው ጠብታ ብቻ ይሰማል። ብዙ ሄድን። ከዚያ አባባ ወደ ውሃው እያዩ፣

«ሰው አለ» አሉ፣ «ጀምሮ፣ ስድስት ዓመት አቁሞ፣ ዳር ላይ ጥሎ የሚሄድ።»

እታለም አንገቷን ደፋች።

ሰውዬው መቅዘፉን አላቋረጠም። «አለ» አለ። «ሰምቻለሁ።»

«ጥፋቱ የሱ ብቻ አይደለም። ያመጣውም ሰው አለበት።»

«ያመጣው ሰው ምን ያድርግ አባቴ? ከውጭ ሲያዩት ጤነኛ መስሎ ውስጡን ምስጥ የጨረሰው እንጨት ይኖራል። ይሄን እርስዎ ከኔ ይልቅ ያውቁታል።»

አባባ መነጽራቸውን አወለቁና በመሐረብ ጠረጉ፤ ለረዥም ጊዜ ጠረጉ። ውሃ ተረጭቶባቸው መሰለኝ። እኔን ያስጨነቀኝ ምስጡ ነበር።

«ይሄኛውንስ አልበላውም?» አልኩ ጀልባውን በጉልበቴ እየገፋሁ።

«አልበላውም» አሉ አባባ። «መትቼ አዳምጬዋለሁ።»

ስንመለስ ፀሐይዋ ከሐይቁ ማዶ ወርዳ መኪናው ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ብርቱካን ብርቱካን መሰለ። በሩን በእርግጫ ዘጋሁ። ሰውዬው መንገድ ዳር ቆሞ እጁን ግማሽ ድረስ አነሳና መለሰው። አባቴ አላፏጨም፤ እናቴ አላወራችም፤ እታለም በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። ሁሉም የሆነ ነገር ይጠብቃል፤ ምን እንደሆነ ያወቅሁ መሰለኝ። ጠያቂ ጠፍቶ ነው እንጂ!

«አባባ» አልኩ፣ «መቼ ነው የምንወስደው?»

«ምኑን?» አለች እናቴ ከፊት ዞር ብላ።

አባባ ግን እኔን ነው ያዩት። ከዚያ እታለምን አዩ።

«ክረምቱ ሲወጣ» አሉ።

አባቴ መኪናውን ጠርዝ አስይዞ አቆመ። ሞተሩ ጋለ የሚል ሰው አልነበረም። እታለም ግንባሯን አባባ ትከሻ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እናቴም ከፊት ታለቅሳለች። አባቴ መሪው ላይ ተደፍቶ ይስቃል ልበል ያለቅሳል፣ አላውቅም። አባባ እጃቸውን የእታለም ራስ ላይ አድርገው በመስኮት ሐይቁን ያያሉ።

«ውሃ ስለምትፈራ ነው» ብዬ አስረዳኋቸው።

እናቴ ለብዙ ዓመት አባባ ነገሩን ያወቁት «ያዳልጥሻል» ሲባል ነው ብላ ታምን ነበር። አባባ ከመሞታቸው ጥቂት ቀደም ብለው፣ «ኧረ እኔ ሁለተኛው ማረፊያ ላይ አውቄያለሁ፤ ይቺ ናት የነገረችኝ» አሏት፤ በጣታቸው እኔን እያሳዩ። መሐላቸውንም አላፈረሱም። እሺም አላሉ፣ እምቢም አላሉ። አንዲት ልጅ ጀልባ መቼ እንደሚወሰድ ጠየቀቻቸው፤ መለሱላት።

ክረምቱ ወጣ። ቤታችን ሠርግ ተደገሰ፤ ከእንግዶቹ መሐል ያ እጀ ትልቁ ሰው ሙሽራ ሆኖ ተቀምጦ ሳይ እንኳ ጀልባውን ይዞ የመጣ መስሎኝ ግቢውን ዞሬ ፈልጌያለሁ። ጀልባ የለም። በማግስቱ አልጋዬ ላይ ብቻዬን ተኛሁ። ሰው ሰጥተን ባዶ እጃችንን የቀረን ይመስለኝ ስለነበረ አባባን ሦስት ሳምንት አኮረፍኳቸው።

«ዋሽተውኛል» አልኳቸው በመጨረሻ።

«ነይ» አሉኝ። «ሄደሽ ራስሽ እዪውና ፍረጂኝ።»

በአንድ እሑድ ሁለታችን በአውቶቡስ ሄድን። ከፌርማታው እስከ መጠለያው ትንሽ የእግር መንገድ አለ፤ ሸምበቆው ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ ውሃውን ይጋርዳል። ገና ሸምበቆውን ሳናልፍ ከወዲያ ማዶ ሳቅ ሰማሁ። አፍ ሞልቶ፣ ጉሮሮን ከፍቶ የሚሳቅ ሳቅ፤ ቆም ይልና፣ ሰውዬው የሆነ ነገር ሲናገር እንደገና ይፈነዳል። ማን ይሆን ብዬ በሸምበቆው መሐል አጮለቅሁ። እታለም ናት። ጉልበቷ ድረስ የሚመጣ የወንድ ቦቲ ጫማ አድርጋ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ቅጥራን የነካው ብሩሽ ይዛ ቆማለች። አብሬያት ስተኛ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር።

ልጠራት አፌን ስከፍት አባባ ትከሻዬን ያዙኝ።

«ቆይ» አሉ። «ትንሽ ቆይ።»

ባርኔጣቸውን አውልቀው መንገዱ ዳር አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። መንገዱ ያደከማቸው መስሎኝ፣ እኔም አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እስኪያርፉ ጠበቅኋቸው።